የታጠኑት ጠርሙሶች

ወይዘሮ ማሚቱ ላምበረት ሰፈር ሠላሳ ዓመት ጠላ ሲጠምቁ አንድም ጠጪ «ቀጠነ» ብሏቸው አያውቅም። ገርጂ የተከፈተው የቢራ ጠመቃና የጠርሙስ አሞላል ስልጠና ላይ የተመዘገቡትም ለመማር አልነበረም፤ ለማሳየት እንጂ። ፊደል አለመቁጠራቸውን ግን ለማንም አልተነፈሱም። «ዓይኔ ደከመ» ስለሚሉ፣ አጠገባቸው የምትቀመጠው ወጣቷ ሰልጣኝ ሚስኪ ሁሉን ታነብላቸው ነበር።

በሦስተኛው ቀን ጠርሙስ የማጠቡ ተራ የሚስኪ ሆነ። ልጅቷ በመድኃኒት አጥባ፣ ደፍታ፣ ምሳ ወጣች። ማሚቱ አንዱን አንስተው አሸተቱ። ሆስፒታል ሆስፒታል ይላል። ያልታጠነ ዕቃ ደግሞ ዕቃ ነው? የወይራ ስንጥር ከዘበኛው ከሰል ላይ ጣል አድርገው፣ ሃያውንም ጠርሙስ አጥነው መልሰው ደፉ። ለማንም አልተናገሩም፤ ቢራው ሲጣፍጥ ሊናገሩ ነው።

በሳምንቱ ሲከፈት ቢራው ጭስ ጭስ ሸተተ። ከሥሩም አመድ ተኝቷል።

«ማነው ያጠበው?» አለ አሰልጣኙ ፊሊጶስ።

«እኔ» አለች ሚስኪ።

«እንዲህ ለሚያጥብ ሰው ሰርተፊኬት አልፈርምም።»

ያ ሰፈር የሚፈራው የማሚቱ ምላስ ተሳሰረ። ከኋላ አንዱ «እማማ፣ እርስዎ ቤት ብትሆን በማማሰያ ነበር የሚመቷት አይደል?» ሲላቸው ከዝምታም የባሰ አደረጉ፤ ፈገግ አሉ።

ሚስኪን በረንዳ ላይ አገኟት።

«ሲኤምሲ ያለው ሆቴል ሰኞ ወረቀቱን ይዘሽ ግቢ ብሎኝ ነበር። ሁለቴ እኮ ነው ያጠብኩት፣ እማማ።»

«አውቃለሁ።»

«እንዴት ያውቃሉ?»

«እኔ ነኝ በወይራ ያጠንኩት።»

ሚስኪ ፊቷን አዞረችባቸው። ብትሰድባቸው ይሻል ነበር።

«እና ስዋረድ ቁጭ ብለው ያዩኝ ነበር?»

ማሚቱ ተመልሰው ገቡና ሰው ሁሉ ባለበት ለፊሊጶስ ነገሩት። አንዳንዱ ሳቀ። ፊሊጶስ ግን ወረቀትና እስክሪብቶ ዘረጋላቸው። «ስሟን ለቢሮ አሳውቄያለሁ። እንዲስተካከልላት በጽሑፍ ይስጡኝ።»

ማሚቱ ወረቀቱን አዩት።

«መጻፍ አልችልም» አሉ፤ ድምፃቸው ለራሳቸውም አልተሰማቸው። «ሚስኪ፣ ጻፊልኝ።»

ልጅቷ ቀና ብላ ሳታያቸው እስክሪብቶውን ተቀበለች። «ምን ልበል?»

«ጠርሙሱን ያበላሸሁት እኔ ነኝ በይ።»

ጻፈች። «ይኸው፣ አለቀ።»

«አላለቀም። ልጅቷ በኔ ጥፋት ስትወቀስ እያየሁ ዝም አልኩ፤ እሱንም ጨምሪበት።»

የሚስኪ እጅ ወረቀቱ ላይ ቆመ። ከዚያ ቀስ ብላ ጻፈችው።