መቅድም ለዘሊካ

«ይኼን መቅድም ማነው የጻፈው?» አለች ዘርፈሽ ዓይኗን ከኮምፒውተሩ ሳታነሣ።

«እኔ» አለ አንዱዓለም።

«‹ይህ ብርቱ ወጣት ደራሲ በብዕሩ ተአምር ሠርቷል› የሚለውንም?»

አንዱዓለም ወደ በሩ አየ። ካርቱም፣ ባሕሪ በሚባለው ሰፈር ያለችው ማተሚያ ቤት ጠባብ ናት፤ ለአፈረ ሰው መደበቂያ የላትም። አጠገቡ የተቀመጠችው ዘሊካ በሻሿ ጫፍ አፏን ሸፍና ሳቀች።

«መቅድም ሌላ ሰው ነው የሚጽፍልህ፣ ደራሲው» አለች ዘርፈሽ። አዲስ አበባ ሳለች የመጽሐፍ አርታኢ ነበረች። ካርቱም ከመጣች ወዲህ የሠርግ ጥሪ ካርድ ስታሰናዳ ብትውልም፣ መጽሐፍ የያዘ ሰው ሲመጣባት ፊቷ ይፈካል። «አንተ የምትጽፈው መግቢያ ይባላል። ምስጋናም ራሱን የቻለ ነገር ነው። ስልክህን ቻርጅ ያደረገልህን ሰው ሁሉ እዚሁ አጭቀኸዋል።»

«አንድ መስሎኝ ነዋ!»

ጀብራ ሰፈር ላሉት ጎረቤቶቹ ግን አንዱዓለም ደራሲ ከሆነ ሰነባብቷል። ቀን የሰው ግድግዳ ቀለም ይቀባል፤ ሲመሽ ይጽፋል። የሚጽፈው የዘሊካን ሕይወት ነው፤ ሕፃን ልጇን ትታ ከወሎ፣ ከቃሉ ተነሥታ እዚህ በሰው ቤት ሥራ የኖረችውን። ዘሊካ መጻፍ ስለማትችል፣ ልብስ እየተኮሰች በስልክ ድምፅ ትልክለታለች፤ እሱ ወደ ጽሑፍ ይገለብጠዋል። ካውያው ሲያፏጭ፣ መዳሟ ስትጣራ፣ እሷም ደርሳ ተመልሳ «የት ላይ ነበርኩ?» ስትል ሁሉም ይሰማል። ልጇ ከውሰር አሁን ልታገባ ነው። «እናቴ ለምን ትታኝ ሄደች?» እያለች ነው ያደገችው። ነገ ወደ አገር የሚጓዝ ሰው መጽሐፉን ይዞላት ይሄዳል። ዘሊካ ለሠርጉ የምትልከው መልስ ይኼው ነው።

ዘርፈሽ ሽፋኑን ከፈተች። «‹ግለ ታሪክ፣ ደራሲ አንዱዓለም› ይላል። የማን ግለ ታሪክ? ከውሰርን የወለድካት አንተ ነህ?»

ዘሊካ በሳቅ ፈረሰች። «ምጡንስ በቻለው!»

«ግለ ታሪክ ሰው ስለ ራሱ የሚናገረው ነው» አለች ዘርፈሽ። «ሌላ ሰው ከጻፈለት የሕይወት ታሪክ ይባላል። ወይ የእሷን ስም ሽፋኑ ላይ እናድርግ፣ ወይ ‹እኔ› ያለችውን ሁሉ ‹እሷ› በልና መጽሐፉ ያንተ ይሁን። ያላ፣ ምረጥ። ሽፋኑ አሁን ማተሚያ ይገባል።»

አንዱዓለም ሽፋኑን ከነስሙ ሰው ሁሉ እንዲያየው ስልኩ ላይ ለጥፎት ነበር። ወንድሙ ምንዳዬ ከደሴ «ቤተሰቡን አኮራኸው!» ብሎታል። ዕድሜ ልኩን የሰው ግድግዳ ሲያሳምር ስሙን የሚጽፍበት አንድም ቦታ አግኝቶ አያውቅም።

«‹እሷ› ይሁን» አለ ቀስ ብሎ። ወንበር ስቦ የመጀመሪያውን ገጽ ራሱ ለወጠና ጮክ ብሎ አነበበ። «‹ዘሊካ ጎህ ሳይቀድ ተነሣች። ልጇን እንኳ ሳትስም ቤቱን ለቃ ወጣች…›»

«አላህ ይርሐማት» አለች ዘሊካ። «መቼ ሞተች?»

«እትዬ ዘሊካ! አንቺን እኮ ነው!»

«ወላሂ፣ እኛ አገር ሰው እንዲህ የሚወራለት ለቅሶ ቤት ነው። ‹እንዲህ ነበረች፣ እንዲህ አድርጋ› እየተባለ። እኔ ቁጭ ብዬ ሻይ እየጠጣሁ! ልጄ ይኼን ስታነብ ሠርጓን ትታ ሶደቃ ታወጣልኛለች።»

ዘርፈሽ መነጽሯን አውልቃ ዕንባዋን እስክትጠርግ ሳቀች። አንዱዓለም ግን አልሳቀም። ስልኩን አወጣና ያንኑ ቦታ በዘሊካ ድምፅ ከፈተው። ካውያው አፏጨ።

«ተኝታ ነው የተውኳት» አለች ዘሊካ ከስልኩ ውስጥ። «ብስማት ትነቃለች፤ ከነቃች ደግሞ እግሬ አይሄድልኝም። ለዚህ ነው ያልሳምኳት።»

ዘሊካ መሬት መሬቱን እያየች፣ «ልጄ ይቺን ብቻ ብትሰማልኝ» አለች።

አንዱዓለም የለወጠውን ሁሉ ወደ ነበረበት መለሰ። «ዘርፈሽ፣ ሽፋኑ ላይ የእሷን ስም ጻፊ።»

«ኧረ ፊደል ሳልቆጥር!» ዘሊካ ደነገጠች። «ሰው ምን ይለኛል? ደግሞ ወንድምህ ኮርቶ የለ?»

«ይለምደዋል» አለ፤ ስልኩ ላይ የለጠፈውን ሽፋን እያጠፋ።

«ኸላስ፣ በቃ። አንተን ‹አሰናጅ› ብዬ ውስጥ ገጽ ላይ አስገባሃለሁ» አለች ዘርፈሽ። «መቅድምህንም አወጣዋለሁ።»

«ቆይ፣ እንዳታወጪው። መቅድም ሌላ ሰው ነው የሚጽፈው አላልሽም?»

«ብያለሁ።»

«እንግዲህ አሁን እኔ ሌላ ሰው ነኝ።»

ዘርፈሽ አየችውና ወንበሯን ለቀቀችለት። አንዱዓለም «ብርቱ ወጣት» የሚለውን ከነተአምሩ ደመሰሰ።

«ቆንጆ ቆንጆውን ጻፍ፣ የኔ አባት» አለች ዘሊካ ወደ እሱ እየተጠጋች። «ብቻ እንደ ሟች እንዳታደርገኝ።»

ትንሽ አሰበና ጻፈ፤ ጽፎም አነበበላት። «‹ዘሊካ በሕይወት አለች። ይህን ስጽፍ አጠገቤ ቁጭ ብላ ትቆጣጠረኛለች።›»

ዘሊካ ሻሿን አስተካከለች።

«እስቲ ድገመው» አለች።