ድስቱን የጠረገችው

«ቅጠል ነው የገደለው» አለች የሟቹ እህት፣ ለቀስተኛ በሞላበት ሳሎን ተቀምጣ። በሹክሹክታ ያወራች መስሏታል፤ የእሷን ሹክሹክታ ግን ግድግዳ አያግደውም። ኩሽና ውስጥ ብርጭቆ የምታጥበው የወንድሟ ልጅ፣ ጸጉር ሰሪዋ፣ አንድም ቃል ሳያመልጣት ሰማች።

«ኧረ ሐኪሙ የልብ ነው ብሏል እኮ» አለቻት አጠገቧ የተቀመጠችው ጎረቤት።

«ልቡማ ደህና ነበር። ወንድሜን አላውቀውም? ከየአጥሩ ሥር እየለቀመ ሲበላ ኖሮ አንድ ቀን ክፉውን አገኘው።»

ጸጉር ሰሪዋ የያዘችውን ብርጭቆ አስቀመጠች። አባቷ ከተቀበረ ወዲህ የመጣው ለቀስተኛ ሁሉ «አይዞሽ» ባላት ቁጥር፣ ነፍሰ ገዳይ የሚያጽናና እየመሰላት አንገቷን ትደፋለች።

ሟቹ የአውቶቡስ መካኒክ ነበር። ከጋራዥ ወጥቶ በቀጥታ ቤቱ የገባበት ቀን የለም። በቦዩ ዳር አሉማ የሚሉትን የዱር ጎመን ይቀነጥባል፤ አበባ ሳያወጣ፣ ለጋ ለጋውን ብቻ። ቅባት የጠገበ ጨርቁን እጁ ላይ ጠቅልሎ የሳማ ጫፍ ይቆርጣል፤ የፈላ ውሃ ሲነካው መለብለቡን ይተዋል። በነጭ ሽንኩርት ጠበስ ሲያደርገው የቤቱ መዓዛ ሌላ ነው። በልጅነቱ፣ በችግር ጊዜ ያሳደገው ምግብ ነበር፤ ደመወዝ ማግኘት ከጀመረም በኋላ ሊክደው አልፈለገም።

ልብስ ሰፊዋ ሚስቱ ግን ከስፌት መኪናዋ ቀና እንኳ ሳትል «እኔ ፍየል አይደለሁም» ትለዋለች። እሱም ይስቃል። መጠን የሚባል ነገር አያውቅም፤ ለእሱና ለልጁ ብሎ ለሰፈር የሚበቃ ይሠራል።

ልጁን ያስተማራት ራሱ ነው። «አስተናግር ቡቃያ ሳለ ከአሉማ ጋር ተደባልቆ ይበቅላል፤ ዓይንሽን አትመኚ። በጣትሽ አሸት አድርጊና አሽቺው። ከከረፋሽ ጣዪው፤ እሱ ሰው ያሳብዳል፣ ይገድላልም» ይላታል።

ባለፈው ሳምንት ጉልበቱን ሲያመው እሷን ላካት። አፍንጫዋ በጉንፋን ተደፍኗል። ቅጠሉን አሸች፣ አሸተተች፤ ምንም። ጠብሳ ስታወርደው የነጭ ሽንኩርቱም ሽታ አልመጣላትም፤ የምግብ ፍላጎትም ስላልነበራት ሳትቀምስ ለአባቷ አቅርባ ሥራዋ ሄደች። ሳይመሽ ተጠራች። ስትደርስ አባቷ በሕይወት የለም፤ ድስቱ ባዶ ነው።

እናቷ ባዶ ትሪ ይዛ ወደ ኩሽና ገባች።

«እማዬ።»

«ወዬ።»

«አባዬን የገደልኩት እኔ ነኝ።»

እናትየው በሩን በእግሯ ገፋ አድርጋ ዘጋችና የጉንፋኑንም፣ የቅጠሉንም ነገር ሳታቋርጣት ሰማች።

«እሱ ስንት ማንኪያ የበላ ይመስልሻል?»

«ድስቱ ባዶ ነበር እኮ።»

«ሁለቴ ቀምሶ ተወው። ሳይቀምሰውም በፊት ደረቴን ከበደኝ ሲል ነበር። ከዚያ ጋደም አለ።»

«ታዲያ ሌላውን ማን በላው?»

እናትየው መሬት መሬት አየች። «እኔ።»

«አንቺ?»

«ምን ታፈጫለሽ? ጠርጌ ነው የበላሁት። የዚያን ቀን ብቻ መሰለሽ? ከተጋባን ጀምሮ እሱ ዘወር ሲልልኝ ቆሜ እበላለሁ። አንዴ ፍየል አይደለሁም ብያለሁ፤ በየት አፌ ልመለስ? ይኸው፣ ራሴን እንኳ አላመመኝም።»

ጸጉር ሰሪዋ የሽንኩርት ጆንያ ላይ ዘፍ አለች። ሳቅና ለቅሶ እኔ ልቅደም፣ እኔ ልቅደም ተባባሉባት። በሰላም ከተነፈሰች ስንት ቀኗ።

«አባዬ ያውቅ ነበር» አለች በመጨረሻ።

«ምኑን?»

«ለሁለታችን ብሎ ያን ያህል የሚሠራው፣ ለማን መስሎሽ ነው?»

እናትየው በሽርጧ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። «ይሄ ሰውዬ» አለች፣ «አንድ ቀን እንኳ አላሳፈረኝም።»

ከዚያ ቢላዋ ይዛ ጓሮ ወጣች፤ አንድ እቅፍ ለጋ አሉማ ይዛ ተመለሰች። ጉንፋኑ የለቀቃት ልጅ ቅጠሉን አንድ በአንድ አሸተተች። ጠብሰው ሲያበቁ እናትየው ሳህኗን ሞልታ ሳሎን ገባችና ከሟቹ እህት አጠገብ ተቀመጠች።

«ገደለው የምትዪው ይሄን ነው?» አለቻት፣ ረጋ ብላ። «የዚያን ቀን እሱ ሁለት ማንኪያ ነው የቀመሰው። የቀረውን እኔ በላሁት። ልጄ ናት የሠራችው፤ እጇ ይባረክ።»

አክስትየዋ አንገቷን ዘርግታ ሳህኑን አየች።

እናትየው ሰው ሁሉ እያያት መብላት ጀመረች። ሁለተኛውን ማንኪያ ወደ አፏ ልታደርስ ስትል እጇ ቆም አለ። እንደ ልማዷ ቀና ብላ በሩን አየች። የሚገባ ሰው አልነበረም። ሳህኗን ጭኗ ላይ አመቻችታ ቀስ እያለች መብላቷን ቀጠለች።