አንቱ የተባለው ፈጣሪ

አራሚዋ ፈጣሪዋን «አንቱ» ማለት የጀመረችው አባቷ በሞቱ በሦስተኛው ወር ነው። ያወቀችውም በራሷ አልነበረም፤ ማተሚያ ቤቱ ባሰናዳው የጸሎት መጽሐፍ ላይ ቀይ እስክሪብቶዋ አርባ ሁለት ገጽ ሙሉ «ይቅር በለኝ»ን እየሰረዘ «ይቅር ይበሉኝ» ብሎ አርሞ ተገኘ።

ጀርባው ጎበጥ ስለሚል «ነጠላ ሰረዝ» የሚሉት ገጽ አቀናባሪ ወረቀቱን ጠረጴዛዋ ላይ አኖረላት።

«እህት ዓለም፣ ከፈጣሪ ጋር ተኳረፋችሁ እንዴ? ሰው የቅርቡን አንቱ የሚለው ሲቀየመው ነው።»

«ድካም ነው» አለችው።

ድካም እንዳልሆነ ግን ታውቃለች። ጠዋት ጠዋት ስትጸልይም ከአፏ የሚወጣው ያው ቃል ነው፤ ከዚያ ወዲያ ጸሎቱን መቀጠል ያቅታታል።

ሐሙስ ዕለት ነገሩን ለሥነ ልቦና ሐኪሟ አወራች። ሐኪሟ በዕድሜ ገፋ ያሉ፣ ሰው የተናገረውንም የተሳሳተውንም እኩል የሚያዳምጡ ሴት ናቸው።

«አባትሽ ሲቆጡ ምን ያደርጉ ነበር?» አሉ።

«አይቆጡም፤ ዝም ይላሉ። በር ላይ ቆሜ ‹ይቅር ይበሉኝ› እላለሁ፤ እሳቸው ከጋዜጣው ቀና አይሉም። ብቻዬን ቤት ስከራይም ዝም አሉኝ። እንደዘጉኝ ሞቱ።»

ቀና ብላ ሐኪሟን አየቻቸው።

«እንግዲህ ዕድሜ ልኬን የጸለይሁት ለአባቴ ኖሯል? ሰማዩ ላይ ሌላ ማንም የለም ማለት ነው?» የፈራችው ይህን ነበር፤ አባቷን የቀበሩበት ጉድጓድ እምነቷንም እንዳይውጥባት።

«ሰማዩን እኔ አላውቀውም» አሉ ሐኪሟ። «እኔ የማየው ወንበሩን ነው። ሁለቱን ባንድ ወንበር አስቀምጠሻቸዋል፤ አንዱ ሲያኮርፍ ሌላውም ያኮረፈ መሰለሽ።»

በማግስቱ አርባ ሁለቱን ገጽ አንድ በአንድ ወደነበሩበት መለሰች። ስታርም ድምፅ አውጥታ ማንበብ ልማዷ ነውና፣ «ይቅር በለኝ» ባለች ቁጥር በሩ ላይ የቆመችው ልጅ በውስጧ ትደነግጥ ነበር። ሠላሳኛው ገጽ ላይ ስትደርስ ድንጋጤው ለቀቃት፤ ማረሟን ረስታ ስትጸልይ ራሷን አገኘችው።

«አሜን» አለ ነጠላ ሰረዝ ከወዲያኛው ጠረጴዛ። «በሉ፣ ታረቃችሁ።»

ከሥራ ስትወጣ እናቷ ዘንድ ሄደች። እናቷ የአባቷን ሸሚዞች አልጋ ላይ ዘርግታ ታጥፋለች።

«ለማን እንደምሰጠው እንጃ» አለች እናቷ። «ኮሌታው እንደ ባለቤቱ ድርቅ ያለ ነው፤ የለበሰውን ዞር አያሰኝ።»

አራሚዋ አንዱን ሸሚዝ አነሣች፤ እጅጌውን በእጅጌው ላይ አስተካክላ አጠፈችው።

«እማዬ» አለች፣ «ከዛሬ ጀምሮ አባዬን ‹አንተ› ነው የምለው።»