የተመረዘው በሬ

አንበሳ የአጎቷን የሙቢታን በሬ እንደገደለ ስትሰማ ምዋንጋላ መኪናዋን አስነስታ ከዮሪስ ጋር ሄደች። ዮሪስ ከቤልጂየም በበጎ ፈቃድ የመጣ የእንስሳት ሕክምና ተማሪ ነው፤ እሷ ደግሞ አንበሶቹን ለሚከታተለው ቡድን ሹፌርም አስተርጓሚም ናት።

አጎቷ ወንዙ ዳር፣ በድኑ አጠገብ ቁጭ ብለው ነበር።

«ይሄ ልጅ ሥጋውን እንዳይነካ» አሏት በሎዚ ቋንቋ፣ ቀና ሳይሉ።

ጎንበስ ብላ አየች። የተዘነጠለው ጭን ላይ ጥቋቁር ፍሬ ተነስንሷል፤ የሰብል ተባይ የሚገደልበት መርዝ።

«ምን አሉ?» አለ ዮሪስ።

«ተጠንቀቁ ነው የሚሉት።»

«የእናትሽን ወንድም የምታሳስሪ ከሆነ ንገሪው» አሉ አጎቷ።

«አጎቴ፣ የምትሞተው አንበሳዋ ብቻ እኮ አይደለችም። አሞራው ይረግፋል፤ የመንደሩ ውሾች ያልቃሉ። ልጆቹስ ቢነኩት?»

«የእናንተ ቡድን ሰዎች ለአንበሳ ስም ያወጣሉ። የእኔን በሬ ስም ማን ጠየቀኝ?»

ዮሪስ ግን ፍሬዎቹን ካየ በኋላ አስተርጓሚ አላስፈለገውም። ፊቱ ተለዋውጦ ወደ መኪናው ራዲዮ ሲያመራ ክንዱን ያዘችው።

«ትንሽ ታገሠኝ።»

«ለካምፑ ማሳወቅ አለብኝ፤ ታውቂያለሽ።»

«አውቃለሁ። መጀመሪያ በድኑ ይቃጠል።»

በዚህ መሀል ሸምበቆው ተከፈለና አንበሳዋ ብቅ አለች፤ ሁለት ደቦሎች ከኋላዋ። ዮሪስ ቀስ ብሎ መኪናው ውስጥ ገባ። አጎቷ ተነስተው ወደ ኋላ ወደ ኋላ ማለት ጀመሩ።

«መኪናው ውስጥ ግቢ» አሏት።

ምዋንጋላ ከበድኑ አጠገብ ንቅንቅ አላለችም። «እርስዎ እሳት ካልለኮሱ አልገባም።»

«አብደሻል እንዴ? ትበላሻለች!»

«ልጆቿን ለምሳ ይዛ ነው የመጣችው። እሷም እነሱም እዚሁ ይወድቃሉ፤ ከዚያ ፖሊሶች እርስዎን ይዘው ይሄዳሉ። እኔ ያንን አላይም።»

ድምጿ ረጋ ያለ ነበር። አንበሳዋ አንገቷን ዝቅ አድርጋ ጭራዋን አወናጨፈች። ያኔ ዮሪስ ጥሩንባውን እየነፋ መኪናውን በአንበሳዋና በምዋንጋላ መሀል አስገባው። አንበሳዋ አጉረምርማ ጥቂት አፈገፈገችና ሣሩ ውስጥ ተኛች። ዓይኗን ግን አልነቀለችም።

አጎቷ እየተሳደቡ እዚያው ካለው የበረታቸው አጥር ደረቅ እሾህ ነቅለው በበድኑ ላይ ከመሩ። ክብሪቱ ግን አልያዝ አላቸው። ዮሪስ በመስኮት ናፍጣ አቀበላቸውና ምዋንጋላ አርከፈከፈችው። አጎቷ የለኮሱት እሳት ሲንቀለቀል ሦስቱም መኪናው ውስጥ ተጠጋግተው፣ ሥጋው ከስሎ እስኪያልቅ ጠበቁ።

ዮሪስ ካምፕ ሲደርስ የሆነውን ሁሉ ተናገረ፤ እሳቱን የለኮሱት ራሳቸው አጎቷ መሆናቸውንም ጨምሮ። አጎቷ የመንደሩ አለቃ ፊት ቀርበው፣ በአገር ሰው መሀል ተወቀሱ እንጂ አልታሰሩም። ምዋንጋላን ግን ተቀየሟት፤ መንገድ ላይ ሰላም ስትላቸው ፊታቸውን ያዞሩ ነበር።

በሌላ ጊዜ ዮሪስና ጓደኞቹ ከምዋንጋላ ጋር ጠንካራ በረት ሊሠሩላቸው መጡ። አጎቷ ጥላ ሥር ተቀምጠው ሲያዩ ቆዩና አንዱ ግንድ ተንጋዶ ሲተከል መታገሥ አቃታቸው።

«ለአንበሳ በር እየሠሩላት ነው እንዴ?» ብለው አካፋውን ከዮሪስ እጅ ነጠቁት። ከዚያ ወደ ምዋንጋላ ዞሩ።

«አንቺስ ቆመሽ ምን ታይኛለሽ? ነይ፣ ይሄን ግንድ ያዢልኝ።»

መጥታ ያዘችላቸው።