ናኪባኤ የሰጠው ማጠንጠኛ

ናኪባኤ ማጠንጠኛውን የሰጠው በገዛ እጁ ነው። ማንም አልሰረቀውም፣ ማንም አልነጠቀውም፤ አንጀቱን ያሳረረውም ይኸው ነው። ሌባ ቢሆን ይረገማል፣ ይከሰሳል። ተለምኖ የሰጠ ሰው ማንን ይክሰስ?

የሚስቱ ታናሽ ወንድም ካኢያ አንድ ቀን ከሰዓት መጣ፤ ምንጣፉ ላይ ተደላድሎ ተቀመጠ፤ ሩዝና ዓሣ ቀረበለት፤ ጥርግ አድርጎ በላ። ከዚያ እጁን እየጠረገ፣ ውሃ አቀብሉኝ እንደሚል ሰው ቀለል አድርጎ፣ "ጋሼ፣ ቡቡቲ፤ ያቺን የዓሣ ገመድ ማጠንጠኛህን" አለ። አለቀ። ኪሪቲማቲ ደሴት ላይ ዘመድ ቡቡቲ ብሎ ከለመነ እንቢ አይባልም። እንቢ ያለ ሰው ስሙ ከቤት ቤት ይዞራል፤ ልጆቹ ሳይቀሩ የንፉግ ዘር ይባላሉ። የሰጡትን መልሶ መጠየቅ ደግሞ ከንፍገትም የባሰ ነውር ነው። ናኪባኤ ተነሳ፤ ማጠንጠኛውን ከነዘንጉ ከግድግዳው አወረደና ሰጠ።

ካኢያ ምን እንደወሰደ ቢያውቅ እንኳ አንድ ነገር ነበር! ናኪባኤ ቀኝ ትከሻው ከተጎዳ ወዲህ ቱና የሚባለውን ትልቅ ዓሣ በእጁ መጎተት አይችልም። ያ ማጠንጠኛ፣ ናኪባኤ በጀልባ ሲያዞረው የከረመ አንድ የውጭ እንግዳ ሲሄድ የተወለት፣ ትከሻ ሆኖለት ነበር። ዓሣው ሲፈረጥጥ ፍሬኑ እያደከመ ይይዝለታል፤ የእሱ ሥራ ተቀምጦ በደህና እጁ እጀታውን ማዞር ብቻ ነው። ማጠንጠኛው ከሌለ ባሕር መውጣቱ አከተመ ማለት ነው። ከዛፍ ሥር ተቀምጦ የሰው ጀልባ ሲገባና ሲወጣ እያየ ሊኖር ነው፣ ገና ሃምሳ ሳይሞላው።

ያም ሆኖ እስከ ደጅ ተከትሎ መከረው። ከባሕር ሲመለስ ውሃ እንዳይገባ ፍሬኑን እንዲያጠብቅ፣ በንጹሕ ውሃ ቀስ እያለ እንዲያጥበው፣ ግፊት ያለው ውሃ ግን ጨዉን ወደ ኩሽኔታው ስለሚያስገባ እንዳይለቅበት፣ ሲደርቅ ፍሬኑን መልሶ እንዲያላላው፣ አለዚያ እንደሚጣበቅ፣ ጥርሶቹን በስሱ ግራሶ እንዲቀባ። ካኢያ ሳቀ።

"ጋሼ፣ ማጠንጠኛ ነው የሰጠኸኝ ወይስ አራስ?" አለና ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ሄደ።

ብዙም ሳይቆይ ናኪባኤ በባሕሩ ዳርቻ ሲያልፍ የካኢያን ጀልባ አሸዋው ላይ አየ። ማጠንጠኛው የጀልባው ወለል ላይ፣ የጨው ውሃና የዓሣ ደም ውስጥ ተጋድሟል። ፀሐይ አድርቆት ነጭ ቅርፊት አውጥቷል። ፍሬኑም እንደጠበቀ ነው። ባለቤቱ እዚያ ማዶ ከኮኮናት ዛፍ ሥር አፉን ከፍቶ ተኝቷል። ናኪባኤ ደሙ ፈላ። እሱ አራት ዓመት ሙሉ አንዲት የዝገት ነጥብ ያላስነካውን ዕቃ!

ቤቱ ገብቶ ሚስቱ ቴሬቲያ ላይ ጮኸ። ቴሬቲያ ዓሣ መገልበጧን ሳታቆም፣ ከእጅህ የወጣ ወጣ፣ የፈሰሰ አይታፈስም አለችው። ባይሆን እንኳ ይጠበዋ አላት። የራሱ ንብረት ነው፣ ቢፈልግ የአሳማ ገንዳ ያድርገው አለችው። ልክ ነበረች። ልክ መሆኗ ይበልጥ አናደደው።

እንግዲህ ናኪባኤ ያደረገውን ጉድ ስሙ። በማግስቱ ካኢያን እንቅልፍ ሲወስደው ጠብቆ፣ በላስቲክ ጠርሙስ ውሃ ይዞ ጀልባው ዘንድ ሄደ። ዝናብ ከጠፋ ከርሟል፤ የጉድጓዱ ውሃ ጨው ጨው ይላል፤ ደጅ ያለው ሮቶ ሲመቱት ባዶ ድምፅ ይሰጣል። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ከሚጠጣው የቀነሰው ነው። ማጠንጠኛውን በዚያ ውሃ አጠበ፣ በሽርጡ ጫፍ አደረቀ፣ ዘይት ጠብ አደረገበት፣ ፍሬኑን አላላ፣ እንደነበረው መልሶ አጋደመው። በሚቀጥለውም ቀን ሄደ። ከዚያም ልማዱ ሆነ፤ ቴሬቲያም እያየች እንዳላየች ሆነች። ጉሮሮው እየደረቀ፣ በልቡ ካኢያን እስከ ሰባት ዘሩ እየሰደበ፣ ለካኢያ አጠበለት። ሰው ጠላቱን እንዲህ አያገለግልም እኮ! ማጠንጠኛው ግን ጥፋት የለበትም፤ ሲበላሽ ዝም ብሎ ማየት አልቻለም።

አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ መንደሩ በሙሉ ማኔአባው፣ መሰብሰቢያው ጣሪያ ሥር ተቀምጦ ይበላል። ካኢያ ትልቅ ቱና ይዞ ስለነበር አፉ አላርፍ አለ። ማጠንጠኛውን ሳይቀር ለማሳየት ይዞት መጥቷል።

"እስቲ እዩት" አለ እጀታውን እያሽከረከረ። "ከወሰድኩት ጀምሮ አንዲት ጠብታ ንጹሕ ውሃ አላስነካሁትም። እንደ አዲስ ነው! ጋሼ ናኪባኤ ዕድሜውን ሙሉ ሲያጥብ፣ ሲቀባ፣ ሲያባብል ኖረ። ብረት እኮ ነው፣ ሙሽራ አይደለም።"

ሰው አውካካ። ሽማግሌዎቹ ሳይቀሩ ጥርሳቸውን አሳዩ። ናኪባኤ ጉርሻውን ሳህኑ ላይ መለሰ። ካኢያ ዓይኑን በጨው አጥቦ ይፎክራል፣ ያውም በናኪባኤ ውሃ፣ በናኪባኤ ጥማት! እኔ ነኝ ያጠብኩት እንዳይል የሰው ዕቃ ተደብቆ የነካ ሊባል ነው፤ ሳቁም እጥፍ ሊሆን ነው። ቴሬቲያ ነገሩ ገብቷት የሽርጡን ጫፍ ያዘች። አስለቅቋት ተነሳ።

"ካኢያ" አለ። "ቡቡቲ።"

የሰጠውን ሊጠይቅ ነው ብሎ ሁሉም አፈረለት። ቴሬቲያ አንገቷን ደፋች።

"ማጠንጠኛውን አይደለም" አለ ናኪባኤ። "እሱ ያንተ ነው፤ ቤትህ ይቀመጥ። የምለምንህ ትከሻህን ነው። እኔ ባሕር በወጣሁ ቁጥር አብረኸኝ ትወጣለህ፤ ቱናዬን በባዶ እጅህ ትጎትትልኛለህ።"

አሁን ሳቁ ዞረ። ካኢያ ወዲያ አየ፣ ወዲህ አየ፤ የሚያስጥለው ሰው አጣ። ቡቡቲ ቡቡቲ ነው። "እሺ" አለ፣ ድምፁ አልወጣም ማለት ይቻላል።

ከዚያ እሑድ ወዲህ ናኪባኤ ጠርሙሱን ይዞ ወደዚያ ጀልባ ድርሽ አላለም። ይልቅ ጎሕ ሲቀድ ካኢያን ከእንቅልፉ እየቀሰቀሰ ይዞት ይወጣል። እሱ ሞተሩ ጋ ይቀመጣል፤ ካኢያ ገመዱን ይጎትታል። ቱና ሲይዝ ገመዱ መዳፍ ላይ እየተንሸራተተ ቆዳ ይልጣል። ናኪባኤ አላዘነለትም። ሳብ እንጂ ወንድሜ፣ ሥጋህ እንደ ብረት አይደለም እንዴ፣ ይለዋል። ካኢያ፣ ነገ ማጠንጠኛውን ላምጣው እንዴ ጋሼ ሲለው፣ ያንተ ንብረት ነው፣ እኔ ምን አገባኝ ይለዋል። ካኢያ እራት ሲበላ ጣቶቹ አልታጠፍ እስኪሉት ድረስ ይህ ቀጠለ።

በመጨረሻ አንድ ጠዋት ማጠንጠኛውን በሁለት እጁ ታቅፎ መጣ።

"ጋሼ፣ ውሰደው። ማንም አልጠየቀኝም፣ በራሴ ነው የምሰጥህ። አጥቤዋለሁም።"

እውነትም ያበራል። ለናኪባኤ ባሕሩ ሁሉ የተመለሰለት መሰለው። ተቀብሎ እጀታውን አዞረ። ውስጡ አሸዋ እንደሚያኝክ ሰው ተንኮሻኮሸ። ጣቱን ብረቱ ላይ አሽቶ ምላሱ ላይ አደረገው።

"በምንድን ነው ያጠብከው?"

"በውሃ ነዋ።"

"በየትኛው ውሃ?"

ካኢያ በአገጩ ደጅ ያለውን ባሕር አሳየው። "በደንብ እንዲጸዳ ብዬ ነክሬ ነው ያሳደርኩት" አለ፣ ምስጋና እየጠበቀ።

የናኪባኤ ድምፅ እስከ መንደሩ ጫፍ ተሰማ፤ የጎረቤት አሳማዎች ሳይቀሩ ሸሹ። ጨው በጨው የሚያጥብ ሰው አለ ወይ አለ። የወለደችህ እናት ውሃ አሳይታህ አታውቅም ወይ አለ፤ እናትየው የገዛ አማቱ መሆኗን እስኪረሳ ድረስ። ሲደክመው ምንጣፉ ላይ ጨርቅ ዘረጋ። ቴሬቲያ የሮቶውን ጭላጭ በጎድጓዳ ሳህን አምጥታ አስቀመጠች። ናኪባኤ ካቻቢቴውን አነሳና በካኢያ የተላጠ መዳፍ ውስጥ አስጨበጠው።

"ፍታው" አለው።

"እኔ?"

"አንተ። በተኛህ ቁጥር ጀልባህ ድረስ እየመጣሁ፣ የምጠጣውን ውሃ እያፈሰስኩ እኔ ያጠብኩልህ ይበቃሃል።"

ካኢያ ማጠንጠኛውን አየ፤ ቀና ብሎ እህቱን አየ። ቴሬቲያ ራሷን ነቅንቃ አረጋገጠችለት። ካኢያ ጎንበስ ብሎ የመጀመሪያውን ብሎን መፍታት ጀመረ።