ያላመመው እብጠት

ፊደል ስላልቆጠርኩ በዚህ ቤት ዓይንም የሌለኝ ይመስላቸዋል። «እርጅና ነው፣ ያልሆነ ነገር ይታያቸዋል» ትላለች ምራቴ ጃሚላ፣ የማልሰማ መስሏት። ጆሮዬስ ምን ሆነና!

የልጅ ልጄ አሽረፍ ሃያ አራት ዓመቱ ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ ነደባው ላይ፣ ቤታችን ውስጥ ባለው ከፍ ያለ ቀይ መደብ ላይ፣ በአንድ እርምጃ ዘሎ እግሩን አጣምሮ ይቀመጥ ነበር። ከረመዳን ወዲህ ግን ጠርዙ ላይ፣ አንድ እግሩን አንጠልጥሎ። ናዝራን ሊያገባ ሦስት ሳምንት የቀረው ጎረምሳ በገዛ ቤቱ እንደ እንግዳ ይቀመጣል?

«ምን ሆነሃል?»

«ኳስ መታኝ፣ ኡማ።» አያቱን እንዲህ ነው የሚጠራኝ።

«ኳስ ወር ሙሉ ይመታል?»

አፋጠጥኩት። ጆሮው ቀላ። አንዱ ቆለጡ ላይ እንደ ሽምብራ የጠነከረ ነገር አለ። ይከብደዋል እንጂ አያመውም። «ያላመመኝን ምን ብዬ ልታከም?» ይለኛል። ሌባ አንኳኩቶ ሲገባ አይቶ ያውቃል? ወንድሜን ያዕቁብንም አላመመውም ነበር። ነውር ነው ብሎ ዝም አለ፤ ሲያስል ስንሰማ በሽታው ደረቱ ገብቷል። በሃያ ስድስት ዓመቱ ቀበርነው። ይህን በተናገርኩ ቁጥር ጃሚላ ጣሪያ ጣሪያውን ታያለች።

እጁን ይዤ ሐኪም ቤት ወሰድኩት። ሐኪሙ ኒቆዲሞስ የሚባል፣ ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ ልጅ ነው። «እማማ፣ እርስዎ ውጭ ይጠብቁ» አለኝ። እኔስ ገብቼ ላየው አማረኝ መሰለህ! አልትራሳውንድ አነሳው፣ ደም ወሰደ። ውጤቱ ሲመጣ አስገባኝ።

«የዘር ፍሬው ላይ ካንሰር ይመስላል» አለ፤ ቆለጥ ማለት አፍሮ። «ሐሙስ በቀዶ ሕክምና ይወጣል። እስካሁን ባየነው አልተሰራጨም፤ በጊዜ ስለመጣ የመዳን ተስፋው ትልቅ ነው። ሌላኛው ጤነኛ ነው፤ ማግባትም መውለድም ይችላል። ማን ነው የላከው?»

«እኔ ነኝ» አልኩ።

ቤት ስንገባ ታመሰግነኛለች ብዬ ስጠብቅ ጃሚላ ማልቀስ ጀመረች። ያስለቀሳት ደግሞ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? አፎቻው! በሠርግም በሐዘንም የምንረዳዳበት የሴቶች ማኅበራችን ነው፤ አንዷ ቤት ታማሚ ካለ ሳትጠይቅ የምትቀር የለችም።

«ሆስፒታል ከተኛ ሁሉም ይመጣሉ። ምኑን ነው ሲሉኝ ምን ልበል? ከሠርጉ በኋላ ይሁን!»

«ናዝራ ብትሰማ ትተወኛለች» አለ አሽረፍም፣ ያው ጠርዙ ላይ ተቀምጦ። «ከሠርጉ በኋላ፣ ኡማ።»

ትዕግሥቴ አለቀ።

«ስሚ ጃሚላ፤ አፎቻው መምጣቱ አይቀርም። ለጥየቃ ቢመጣልሽ ይሻላል ወይስ ለለቅሶ? ምኑን ነው ካሉሽ ቆለጡን ነው በያቸው! ወንድ ልጅ ያላት ሁሉ ቤቷ ገብታ ‹ገላህን ስትታጠብ በጣትህ ዳስሰው› ትበለው። አንተ ደግሞ ስልክህን አውጣ። ለናዝራ ራስህ ንገራት፤ ሐሙስ ሐኪም ቤት እንደምትገባ፣ ሠርጉም እንደሚገፋ። አሁን፣ እዚሁ ፊቴ። ማን ጋ እንደደወልክ ማንበብ ስለማልችል ድምፁን ጮክ አድርገው፤ ራሷን ልስማት።»