የሥራነሽ ሽማግሎች

ሥራነሽ ከቁይ ከተማ ወዲያ ባለች ትንሽ ከተማ የአረጋውያን መርጃ ማኅበር ትመራለች። ማኅበሩ አንዲት መኪና አለችው፤ አለችው ከተባለ። የወረዳው ኃላፊ አቶ ደመላሽ "ለአንድ ቀን" ብለው የወሰዷትን መኪና ለስብሰባ፣ ለጉብኝት፣ አልፎ ተርፎም ለአማታቸው ተዝካር አሰማሯት። ሥራነሽ እምቢ እንዳትል የማኅበሩ ፈቃድ ያለ እሳቸው ድጋፍ አይታደስም። ይህ በሪፖርት ላይ "መልካም ግንኙነት" ይባላል።

በዚያ ሰሞን የዓይን ሞራ የሚገፍፉ ሐኪሞች ደብረ ማርቆስ መጡ። ሊመለሱ የቀራቸው አንድ ቀን ነው። ማኅበሩ የሚረዳቸው አያ እንዳላማውና ሁለት ጓደኞቻቸው ደግሞ የዓይን ብርሃናቸው ሊጠፋ ደርሷል። ሥራነሽ መኪናዋን እንዲመልሱላት አቶ ደመላሽን ብትለምን፣ "ከሰሞኑ እናያለን" አሏት።

ስለዚህ ልጅ እንደሚጠይቅ ሰው ሽማግሌ ላከች፤ ሽማግሎቹም ራሳቸው ሕመምተኞቹ ነበሩ። በዘንግ እየተመሩ ገቡና ቢሮው መሃል ቆሙ።

"ኧረ ተቀመጡ አባቶቼ!" አሉ አቶ ደመላሽ ከወንበራቸው ብድግ ብለው።

"ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም" አሉ አያ እንዳላማው ሰውየው እዚያ ያሉ መስሏቸው ወደ መስኮቱ ዞረው።

ሽማግሌ ቆሞ ኃላፊ ይቀመጣል? አቶ ደመላሽ ትንሽ ተቁነጠነጡና ቁልፉን አወጡ። ግን መኪናዋ ውስጥ ቀድመው የገቡት እሳቸው ናቸው። መንገድ ላይ ጉዳዩ ወጣ፤ ወደ ደብረ ማርቆስ መዛወር ይፈልጋሉ፣ አለቃቸውም አሻፈረኝ ብሏል።

"ለእኔም አንዴ ቁሙልኝ" አሉ።

ሥራነሽ ሰዓቷን እያየች እግዜርን ለመነች። ደብረ ማርቆስ እንደ ደረሱ ሽማግሎቹ አለቃው ዘንድ ገብተው ቆሙ። አለቃው ሻይ አዘዘ፣ ለመነ፣ በመጨረሻም ዝውውሩን ፈቀደ። ሐኪሞቹ ጋ ሲደርሱ ወረፋው እያለቀ ነበር። የሦስቱም ቀኝ ዓይን ተሠራ፤ ግራው ሐኪሞቹ ተመልሰው ለሚመጡበት ለፋሲካ ማግስት ተቀጠረ። በነጋታው ፋሻው ሲነሳ አያ እንዳላማው ሥራነሽን አይተው፣ "አንቺ፣ ለካ እንዲህ ከስተሻል!" አሉ። ሥራነሽ ሳቋም እንባዋም አንድ ላይ መጣ።

ብዙም ሳይቆይ በአቶ ደመላሽ ቦታ የተተኩት አዲሱ ኃላፊ አቶ አምደሚካኤል ማኅበሩ ደጅ መጡ። ሥራነሽ የተመለሰላትን የመኪና ቁልፍ ቀሚሷ ኪስ ውስጥ ጨበጠች።

"መኪናሽን አልፈልግም" አሉ ሰውየው ግራ ቀኙን አይተው። "ልጆቼ ያሉት ባሕር ዳር ነው። እዚያ እንድዛወር ሽማግሎችሽን ብታውሺኝ?"

መንግሥት እሷን ሲለምን የመጀመሪያ ጊዜው ነበር፤ ደስታዋን መደበቅ አቃታት።

"ምን ገዶኝ" አለች። "ግን እስከ ፋሲካ ማግስት ይታገሡ። ፈቃዳችንንም እስከዚያ ያድሱልን። ያለ ግራ ዓይናቸው የትም አይሄዱልዎትም።"